ልጄን መጥረጊያ አስያዟት፤ ምን ይሻለኛል?

ጠይቁን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልን ወገኖች። በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤ ይዘናል። አንዱ ከኮምቦልቻ ነው፣ ሁለቱ ከዚሁ ከደሴ። ሳይመካከሩ ሦስቱም ስለ አንድ ጉዳይ ነው የጻፉት፤ ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ሥራ ይሥሩ ወይስ አይሥሩ፣ ከዚያም አልፎ ስለ አንድ የጃፓን ትምህርት ቤት። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል፤ ጉዳዩ ልቤን ስለነካው ነው።

ጥያቄ

«ልጄ 7ኛ ክፍል ናት። የምትማረው ኮምቦልቻ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው። ዘንድሮ አዲስ ርዕሰ መምህር መጣና ተማሪዎች ክፍላቸውን በየተራ ራሳቸው እንዲጠርጉ አደረገ። አሁን ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ምሳችሁን ራሳችሁ አብስሉ ሊላቸው ነው። የወላጅ ስብሰባው ላይ ጉድ ፈላ። አንድ አባት ተነስቶ ‹ይሄን ሁሉ ብር የምከፍለው ልጄ መጥረጊያ እንድትይዝ ነው? እኔ እቤቴ እንኳን አላስነካኋትም› አለ። ሰው አጨበጨበለት። እውነቱን ለመናገር እኔም አጨብጭቤያለሁ። ርዕሰ መምህሩ ‹ጃፓን ውስጥ ተማሪዎች ምሳቸውን እያበሰሉ የሚማሩበት የግል ትምህርት ቤት አለ፣ መቶ ዓመት አልፎታል› ሲል ግማሹ ሰው ሳቀበት። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እውነት እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት አለ? ካለስ ለምን እንዲህ ያደርጋሉ? ልጄን ላስወጣት ወይስ ልተዋት?»
የአንዲት ልጅ እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

እህቴ፣ አብሽሪ። ርዕሰ መምህሩ አልዋሸም።

ትምህርት ቤቱ ጂዩ ጋኩኤን ይባላል። ጂዩ ማለት ነፃነት ነው። ጋኩኤን የትምህርት ግቢ እንደማለት ነው። ያለው ቶክዮ ነው። የተከፈተው ሚያዝያ 1921 ሲሆን በእኛ አቆጣጠር 1913 ዓ.ም. መሆኑ ነው (ከዚህ በኋላ የጃፓን ነገር ስናነሳ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ሲከፈት 26 ሴት ተማሪዎች ብቻ ነበሩት። ስሙን የወሰዱት ከዮሐንስ ወንጌል ነው፤ «እውነትም አርነት ያወጣችኋል» ከሚለው። መሥራቾቹ ሃኒ ሞቶኮና ሃኒ ዮሺካዙ የሚባሉ ባልና ሚስት ናቸው። ሁለቱም ክርስቲያኖች፣ ሁለቱም ጋዜጠኞች። የሴቶች መጽሔት ያሳትሙ ነበር። ቤት እንዴት እንደሚተዳደር፣ ገንዘብ እንዴት እንደሚያዝ፣ ልጅ እንዴት እንደሚያድግ ለዓመታት ጽፈዋል። የገዛ ልጆቻቸው ለከፍተኛው ትምህርት ሲደርሱ ግን ዙሪያቸውን ቢያዩ የሚወዱት ትምህርት ቤት አጡ። የጊዜው ትምህርት ሽምደዳ ነበር። ሴት ልጅ ደግሞ የምትማረው ጥሩ ሚስትና ብልህ እናት እንድትሆን ነበር፤ የመንግሥትም አቋም ይኸው ነበር። ስለዚህ ራሳቸው ከፈቱ።

አከፋፈታቸውም ደፋር ነበር። የትምህርት ሚኒስቴር ለሴቶች ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ያወጣው ደንብ አለ። እነሱ በዚያ ደንብ ሥር አልገባንም አሉ። ከደንቡ ውጭ በሆነ ዓይነት ተመዘገቡ፤ የሚያስተምሩትን ራሳቸው ለመወሰን። ይህ ዋጋ ያስከፍላል። ልጁን የሚልክ ወላጅ እንደ ሌላው ትምህርት ቤት እውቅና ያለው ወረቀት እንደማያገኝ አውቆ ነው የሚልከው። ቢሆንም ላኩ።

አሁን ወደ ምሳው እንምጣ። በዚያን ጊዜ ፍራንክ ሎይድ ራይት የሚባለው ታዋቂ አሜሪካዊ አርክቴክት ኢምፔሪያል ሆቴልን ለመሥራት ቶክዮ ነበር። ረዳቱ ኤንዶ አራታ ከባልና ሚስቱ ጋር ይተዋወቅ ስለነበር አገናኛቸው። ራይት ሐሳባቸውን ወደደውና የትምህርት ቤቱን ሕንፃ ነደፈላቸው። ዝቅ ያለ፣ የእንጨትና የልስን ቤት ነው። ብዙ ገንዘብ አልነበራቸውም። ባለቀለም መስታወቱ ስለተወደደባቸው በትልቁ መስኮት ላይ ቀጫጭን እንጨት በቅርጽ ገጣጠሙበትና ብርሃኑ በዚያ መሃል እየተሰነጠቀ ይገባል። ስሙን ምዮኒቺካን አሉት፣ የነገ ቤት ማለት ነው። ዛሬም አለ። በ1997 የአገሪቱ ጠቃሚ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ፤ ታድሶም ለሕዝብ ክፍት ሆኗል።

እህቴ፣ እዚህ ላይ ቆም በይልኝ። የዚያ ሕንፃ እምብርት ምን መሰለሽ? የመመገቢያው አዳራሽ ነው። የእኛን ትምህርት ቤቶች እስኪ አስቢያቸው። መሃል ላይ የሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ አለ፣ ከፊት ለፊቱ የርዕሰ መምህሩ ቢሮ፣ ሻይ ቤቱ ደግሞ ከጀርባ ጥግ ይዞ። እነሱ መሃሉን ለማዕድ ሰጡት። ተማሪና አስተማሪ አንድ ላይ ተቀምጦ ትኩስ ምሳ መብላት የትምህርት ቤቱ ልብ ነው ብለው ስላመኑ። ምሳውን የሚያበስሉት ደግሞ ተማሪዎቹ። በተራ በተራ ለመላው ትምህርት ቤት ያበስላሉ።

መፈክራቸው «እያሰብን፣ እየኖርን፣ እየጸለይን» ይላል። ሁለተኛዋን ቃል ልብ በይልኝ። ማሰብ በሁሉም ትምህርት ቤት አለ። ጸሎትም በብዙ ትምህርት ቤት አለ። መኖርን ግን ትምህርት ነው ብሎ መሃል ያስቀመጠ ጥቂት ነው። ኑሮ ራሱ ትምህርት ነው ይላሉ። መጥረጉ፣ ማብሰሉ፣ ሒሳብ መያዙ፣ የግቢውን ሥርዓት መጠበቁ በተማሪዎች እጅ ነው። ኃላፊዎቻቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ሥራውንም ራሳቸው ያከፋፍላሉ። ትምህርት ቤቱ በኋላ ሰፋ ወዳለ ግቢ ወደ ከተማው ዳር ሄደ። በ1927 የአንደኛ ደረጃው ተጨመረ፣ በ1935 ደግሞ የወንዶቹ ክፍል ተከፈተ። እዚያ የሚገባ ወንድ ልጅ መጀመሪያ የሚሠራው ነገር ምን እንደሆነ ሳውቅ ደስ አለኝ። የሚማርበትን ጠረጴዛና ወንበር ራሱ ይሠራል። ራሱ ለክቶ፣ ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ መትቶ። የራሱን ወንበር የሠራ ልጅ ወንበር በቢላ የሚቆርጥ አይመስለኝም።

ለምን እኛን ያናድደናል? እኔ ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ በራሴ ላይ ደርሷልና።

ደሴ ነው የተማርኩት። ትምህርት ቤቱን ስሙን አልጠራም። የደሴን የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጦሳ ራሱ በጉም ተሸፍኖ አይታይም፣ ጣት ይቆረፍዳል። አርፍዶ የመጣ ይጠርጋል። ያ ነበር ሕጉ። በሚስማር የተበሳሳ የዘይት ጣሳ አለ፤ አቧራው እንዳይነሳ በእሱ ውሃ እየረጨን፣ በአጭር መጥረጊያ ጎንበስ ብለን ከጥቁር ሰሌዳው ሥር እስከ በሩ። በሰዓቱ የመጡት በመስኮት አንገታቸውን አስግገው ያዩናል። አንዱ አስተማሪያችን «ያልተማረ እጣ ፈንታው ይሄ ነው፣ ተለማመዱት» ይለን ነበር። እናቴ በዚያው ጊዜ የሰው ቤት እያጸዳች ነበር የምታሳድገኝ። ያንን አረፍተ ነገር እስካሁን አልረሳሁትም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት መጥረጊያ መያዝ ለእኔ መዋረድ ነበር።

አየሽ፣ ስብሰባው ላይ ያጨበጨበው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። መጥረጊያን የምናውቀው በቅጣት ነው። የረበሸ ሽንት ቤት ያጥባል፣ ያረፈደ ግቢ ይለቅማል። ስለዚህ «ልጅሽ ትጠርጋለች» ሲባል ጆሯችን የሚሰማው «ልጅሽ ተቀጣች» የሚለውን ነው። ጂዩ ጋኩኤን መጥረጊያውን ከቅጣት አውጥቶ ሁሉም በተራው የሚይዘው አደረገው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ደግሞ ይሄ ነገር ለወሎ ባዳ አይደለም። ከደሴ ትንሽ ወጣ ብሎ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ፤ አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት። የቆሎ ተማሪ ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል፣ አኩፋዳውን አንግቶ ለምኖ ያመጣውን ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል፣ ታናሹ ለታላቁ ውሃ ይቀዳል፣ ታላቁ ታናሹን ያስጠናል። ወደ ኮምቦልቻ ስንመጣ ገታ የሚባለው የእስልምና ትምህርት ቦታ አለ። ደረሳው ከየአገሩ መጥቶ ሸኹ ዘንድ ይቀራል፤ ቀን እንጨት ይሰብራል፣ ውሃ ይቀዳል፣ እርሻ ያግዛል፣ ማታ ኪታቡን ይዞ ይቀመጣል። ማንም ደረሳን «ተዋረደ» አላለውም። ኑሮና ትምህርት አንድ ላይ ነበሩ። የለያየናቸው በቅርብ ነው።

እንዲህም ስል ርዕሰ መምህሩ የሚያደርገው ሁሉ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። ሄደሽ ጠይቂው። የሚጠርጉት ሴቶቹ ብቻ ናቸው ወይስ ወንዶቹም? ያረፈደ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም በተራው? አስተማሪዎቹስ መጥረጊያ ይይዛሉ? የጽዳት ሠራተኛዋ ተባርራ ደሞዟ ለትምህርት ቤቱ ተርፎ ከሆነ ያ ትምህርት ሳይሆን ቁጠባ ነው፤ በዚህ ላይ ብትቆጪ እኔም ከጎንሽ ነኝ። ምሳውም ላይ እንዲሁ። ቢላውን ማን ይቆጣጠራል፣ ምድጃውስ የከሰል ነው የኤሌክትሪክ፣ እጅ መታጠቢያው ቅርብ ነው ወይ?

ከጃፓኖቹ አንድ ነገር ግን አልወስድም። እዚያ የማብሰሉ ነገር ከድሮ ጀምሮ የሴቶቹ ክፍል ነበር፣ ወንዶቹ ወደ እንጨት ሥራውና ወደ እርባታው ያደሉ ነበር። በመለስተኛና በሁለተኛ ደረጃ ወንዶቹና ሴቶቹ አብረው መማር የጀመሩት ገና በ2024 ነው። የእኛ ወንዶች ልጆች ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማማሰያውን ይያዙ። ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ሽሮ መሥራት አቅቷቸው የሚቸገሩትን አይተናል።

እስኪ አንድ ቀን በዓይነ ሕሊናሽ እይው። 120 ተማሪ አለ እንበል። ሽሮው ስንት ኪሎ ይበቃል? ሽንኩርቱስ? ባለፈው ሳምንትና በዚህ ሳምንት ገበያ መሃል የዋጋው ልዩነት ስንት በመቶ ነው? ዘይቱን በሊትር ስንት ለስንት እናካፍለው? ልጅሽ ሬሾና ፕሮፖርሽን የምትማረው በዚሁ ክፍል ነው። አሁን ደግሞ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል፤ ክፍሉ ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ። ሥጋ ከሆነ የማን ሥጋ? ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ረመዳን ሲገባስ ምን ይደረግ? የኮምቦልቻ ልጆች ተቀምጠው «ሁላችንም ከአንድ ድስት የምንበላው ምንድን ነው?» ብለው ተነጋግረው ምስር ወጥና ጎመን ላይ ቢስማሙ፣ ያን ቀን የተማሩትን ነገር የትኛው የስነ ዜጋ መጽሐፍ እንደሚያስተምራቸው አላውቅም።

ልጅሽን አታስወጫት። ግን ዝም ብለሽም አትተያት፤ የመጀመሪያው ቀን ሄደሽ አብረሽ ሽንኩርት ላጪ።

ጥያቄ

«11ኛ ክፍል ነኝ፣ ደሴ። ስለዚያ የጃፓን ትምህርት ቤት ቲክቶክ ላይ አይቼ ነበር። መሥራቿ ጋዜጠኛ ነበረች ይላል፣ በዚያ ዘመን ሴት ጋዜጠኛ ነበረች እንዴ? እኔም ጋዜጠኛ መሆን እፈልጋለሁ፣ ቤተሰቦቼ ግን ‹በእሱ እንጀራ አይበላም› ይሉኛል። ስለሷ ንገሩኝ።»
የደሴዋ

መልስ

የኔ እህት፣ ነበረች። እንዲያውም የጃፓን የመጀመሪያዋ ሴት የጋዜጣ ዘጋቢ ትባላለች።

ሃኒ ሞቶኮ በ1873 ተወለደች። አገሯ ሃቺኖሄ የሚባል የሰሜን ከተማ ነው፣ ብርዳም። ቤተሰቧ ከቀድሞ ሳሙራይ ወገን ነው። በ16 ዓመቷ ለመማር ቶክዮ ገባች። ገንዘብ ሲያጥራት ለሴቶች በሚታተም መጽሔት ውስጥ ሥራ አገኘች። ከባድ ፊደሎች አጠገብ አነባበባቸውን የሚያሳዩ ትንንሽ ፊደሎች መጨመር ነበር ሥራዋ። አሰልቺ ነው። ግን የጽሑፍን ቤት በጓሮ በር የገባችው በዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገር ተበላሸባት። አገባች፣ አልሆነም፣ ተፋታች። በዚያ ዘመን ጃፓን ውስጥ የፈታች ሴት መሆን ምን ማለት እንደነበር አንቺ ልትገምቺው ትችያለሽ፤ እዚህም ብዙ የራቀ አይደለም። ተመልሳ ቶክዮ መጣችና የቤት ሠራተኛ ሆነች። የተቀጠረችበት ቤት የዮሺዮካ ያዮይ ነው፣ በኋላ የሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤት የመሠረተችው ሐኪም። የተማረች ሴት ናት፣ ግን የሰው ቤት ጠርጋለች፣ አብስላለች። የምሳው ነገር ከየት እንደመጣ ሳስብ ይህንን አስታውሳለሁ። ሥራ የማያውቅ ሰው ከላይ ሆኖ ያወጣው ሐሳብ አይደለም።

ከዚያ ሆቺ ሺምቡን የሚባል ጋዜጣ አራሚ ይፈልጋል ሲባል ሄደች። የተሰጣት ሥራ የሰው ጽሑፍ ስህተት መልቀም ነበር። እሷ ግን ማንም ሳይልካት ራሷ ጽፋ ማቅረብ ጀመረች። ጽሑፏ ታየ፣ በ1899 ዘጋቢ ሆነች። እዚያው ጋዜጣ ላይ ዮሺካዙን አገኘችው። ከእሷ በሰባት ዓመት ያንሳል። በ1901 ተጋቡ። በ1903 የመጀመሪያ መጽሔታቸው ወጣ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውም የተወለደችው በዚያው ሰሞን ነው። በሚቀጥለው ዓመት በ1904 ደግሞ የቤት ወጪ መዝገብ አዘጋጅታ አሳተመች። የቤት እመቤት ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ለምግብ ይህን ያህል፣ ለልብስ ይህን ያህል ብላ መድባ፣ ከዚያ ወጪዋን በየቀኑ የምትጽፍበት ደብተር ነው። ያ ደብተር ዛሬም በየዓመቱ ይታተማል። ከመቶ ዓመት በላይ!

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን መንግሥት «ነፃነት» የሚለውን ስም ከትምህርት ቤቱ ላይ አንሱ እያለ ይገፋቸው ነበር። በጃፓን ያን ጊዜ ያ ቃል ጠላት ሆኖ ነበርና። አላነሱም። ስሙ አንድም ቀን ሳይቀየር እስከ ዛሬ አለ። ዮሺካዙ በ1955 አረፈ፣ ሞቶኮ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1957።

እንጀራውን በተመለከተ ወላጆችሽ የሚያወሩት ካዩት ተነስተው ነው፣ አትቀየሚያቸው። አንቺ ግን እስከዚያ ጻፊ። የሸዋ በርን ጠዋት ጻፊ፣ የሠፈርሽን ቧንቧ ጻፊ፣ ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ማን ቀድሞ እንደሚሰለፍ። አንድ ገጽ አድርገሽ ላኪልን፤ እኔ ራሴ አርሜ እመልስልሻለሁ።

ጥያቄ

«ጡረታ የወጣሁ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። የመጨረሻው ልጄ ከሁለት ዓመት በኋላ የ12ኛ ክፍል ፈተና ይወስዳል። አሁን አሁን ልጆችን ምሳ አብስሉ፣ አትክልት ትከሉ ማለት ፋሽን ሆኗል። እኔ የምጠይቀው አጭር ነው፤ ወጥ መሥራት ዩኒቨርሲቲ ያስገባል ወይ? የምናውቃት ጃፓን እኮ የፈተና አገር ናት።»
የሦስት ልጆች አባት፣ ከደሴ

መልስ

ጋሼ፣ ስጋትዎ ትክክል ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ያየ ወላጅ ልጁን አንድ ሰዓት እንኳን ከደብተሩ ባያርቅ አልፈርድበትም።

ደግሞ እውነት እንነጋገር። ጂዩ ጋኩኤን ፈተና በማሳለፍ የሚታወቅ ትምህርት ቤት አይደለም። በ1949 የራሱን ከፍተኛ ክፍል ሲከፍት እንኳን በሚኒስቴሩ ዘንድ እንደ ዩኒቨርሲቲ የሚቆጠር አላደረገውም። አውቀው ነው። ደግሞም የሚከፈልበት ትምህርት ቤት ነው፤ ከመጀመሪያውም ልጆቻቸውን የላኩት በአብዛኛው የተሻለ ኑሮ ያላቸው፣ የተማሩ ቤተሰቦች ናቸው። ከነሱ ሁሉንም እንቅዳ ብል አታለልኩዎት ማለት ነው። ወደ ጃፓን ማየት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ሄደው አይተው ተመልሰዋል፣ ዛሬም ፋብሪካዎቻችን ካይዘን ይላሉ፣ የጃፓኖቹን አሠራርን የማሻሻል ዘዴ። የሚያስፈልገው መርጦ ማየት ነው።

ስለዚህ ስለ ሌላ የጃፓን የግል ትምህርት ቤት ልንገርዎት፤ ይሄኛው የፈተና ትምህርት ቤት ነው። ናዳ ይባላል። ያለው ኮቤ ከተማ ነው። በ1927 ያቋቋሙት የአካባቢው ጠማቂዎች ናቸው። ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ የሚጠምቁ ባለሀብት ቤተሰቦች። ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ ስላላት ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የመከራቸው ሰው ካኖ ጂጎሮ ነው፣ ጁዶን የመሠረተው። የጁዶውን መርሕ ለትምህርት ቤቱ ሰጠው፦ ጉልበትህን በሚገባ ለመልካም ተጠቀምበት፣ አንተም ሌላውም አብራችሁ ልሙ። ናዳ በ1968 ቶክዮ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ተማሪ በማስገባት ከአገሪቱ አንደኛ ወጣ።

አሁን የምነግርዎት ይገርምዎታል። በዚያ ትምህርት ቤት ሃሺሞቶ ታኬሺ የሚባሉ የቋንቋ መምህር ነበሩ። ከ1934 እስከ 1984፣ ሃምሳ ዓመት አስተማሩ። ከጦርነቱ በኋላ የመማሪያ መጽሐፉን ወዲያ አሉና ለመለስተኛ ደረጃ ተማሪዎቻቸው አንዲት ትንሽ ልብወለድ ሰጧቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ እሷን ብቻ አነበቡ። ሦስት ዓመት፣ አንድ መጽሐፍ! ገጸ ባሕሪው ጣፋጭ ከበላ ያንኑ ጣፋጭ ክፍል ውስጥ አምጥተው ይበላሉ። በወረቀት የተሠራ በራሪ ካበረረ ተማሪዎቹም ሠርተው ወጥተው ያበርራሉ። አንድ ቃል ካገኙ ከየት እንደመጣ፣ ዘመዶቹ እነማን እንደሆኑ ይፈልጋሉ። ጊዜ ያባከኑ ይመስላል። ግን ቀስ ብሎ ያነበበ ልጅ ማንኛውንም ጥያቄ ሲሰጡት ጥያቄውን ራሱን ማንበብ ይችላል። መምህሩ 101 ዓመት ኖረው በ2013 አረፉ።

እና ጋሼ፣ ወጥ መሥራት በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ አያስገባም። የሚያስወድቀውም እሱ አይደለም። ፈተና የሚያዩ መምህራንን ሲያናግሩ ብዙ ልጅ የሚወድቀው ጥያቄው ምን እንደሚል ሳይገባው ነው ይላሉ፤ በተለይ እንግሊዝኛውን። ሽምደዳ እዚያ ላይ አያድንም። ልጅዎ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሰዓት ሽንኩርት ቢከትፍ የሚጎዳው ነገር የለም፤ እጁ ይሠራል፣ ጭንቅላቱም ያርፋል። ሌሎቹን ሰዓቶች ግን ይያዙለት። ዛሬ ማታ ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ብቻ ይምረጥ። ጮክ ብሎ ያንብብልዎት። ያልገባውን ቃል ያስምር፣ ከዚያ መጽሐፉን ዘግቶ በራሱ አማርኛ ይንገርዎት። እርስዎ ትምህርቱን ባያውቁት ግድ የለም፤ የገባውና ያልገባው ልጅ ሲናገር ያስታውቃል። ካልገባው ነገ ያንኑ ገጽ ይድገም። ገጹን አይቁጠሩበት።

የኮምቦልቻዋ እህቴ፣ አንቺ ደግሞ የመጀመሪያው ምሳ ምን እንደነበር፣ ስንት ብር እንደፈጀና ያ የተናደደው አባት መጥቶ እንደሆነ ጻፊልኝ።